ማክሰኞና ሐሙስ የሚጠፋው ዋይፋይ

ደመላሽ ወደ ሱቁ የገባው በገበያ ቀን፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ነበር። እንደ ሌላው ደንበኛ የተሰበረ ስልክ አልያዘም። ሰብለወንጌል ከምትጠግነው ኮምፒውተር ላይ ቀና ስትል በሩን ከኋላው ገርበብ ሲያደርገው አየች።

«ልዝጋው?» አላት።

«እንዲሁ ይሁን። የተዘጋ ካዩ ደንበኞቼ ይመለሳሉ።»

ሰብለወንጌል ቀየት በምትባል ትንሽ ከተማ ኮምፒውተርና ስልክ መጠገን ከጀመረች አራተኛ ዓመቷ ነው። ደመላሽ ደግሞ ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ጥድ አፋፍ በምትባል ቀበሌ ያለ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነው፤ ከተሾመ ገና ስድስት ወሩ። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። ቀኖች ተጽፈውበታል።

«ዋይፋያችን የጠፋባቸው ቀኖች ናቸው። ሰባት ጊዜ ጠፍቷል። ሁሉም ማክሰኞ ወይ ሐሙስ፣ ሁሉም ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ። እሱ ሲጠፋ ካርድ ክፍል ከላቦራቶሪ አይገናኝም፤ በሽተኛው ኮሪደሩን ሞልቶ ይውላል። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ በር ላይ የሚውለው ዘበኛ ማን እንደሆነ ጠይቂኝ።»

«ማን ነው?»

«ገብረየሱስ።»

ሰብለወንጌል መፍቻዋን አስቀመጠች።

«የዋይፋዩ ዕቃ የተሰቀለ ዕለት ‹ይሄ ዓይን ከላያችን ምን ይሠራል?› ብሎ በሰው ፊት የተናገረ እሱ ነው» አለ ደመላሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባለፈው ሐሙስ ደግሞ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ በዱላው ሲነካካው ታይቷል።»

«ማን አያቸው?»

«ታይቷል አልኩሽ። ነገ ማክሰኞ ነው፤ መጥተሽ መርምሪው። ከዚያ ሁለት መስመር ጻፊልኝ። ብልሽቱ ከዕቃው ሳይሆን ከሰው እጅ መሆኑን የባለሙያ ቃል እፈልጋለሁ።»

«ገና ሳላየው?»

«አይተሽ ነው ያልኩሽ» አለና ወረቀቱን መልሶ አጠፈው።

ሰውየው ከወጣ በኋላ ሰብለወንጌል ሥራ ላይ ዓይኗ አላርፍ አለ። ጋሽ ገብረየሱስ የሟች አባቷ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። አባቷ ሲታመም እስከ ዓለም ከተማ ሆስፒታል ድረስ አብረውት በአውቶቡስ ተንገላተዋል፤ ሲሞትም አርባው እስኪወጣ ከእነሰብለወንጌል ቤት አልጠፉም። ደመላሽ ይህን አያውቅ ይሆናል። ወይም ደግሞ አውቆ መጥቷል፤ የቅርብ ሰው የመሰከረበት ሰው አፉን እንደማይከፍት ገብቶት። ገበያ ላይ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ፤ ኃላፊው ሥራ ፈት ዘመድ አለው፣ የዘበኝነት ቦታ እየፈለገለት ነው ይባላል። ወሬ ነው። ቢሆንም ሰብለወንጌል ከወሬውም ከወረቀቱም የቱን እንደምታምን አላወቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሯን፣ የገመድ መመርመሪያዋን፣ መፍቻዎቿን፣ አንድ ጥቅል ገመድና ሁለት ዓይነት አዳፕተር በቦርሳ አድርጋ ወጣች። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ንፋስ ፊት ይገርፋል። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ላይ ተከምሯል። ጤና ጣቢያው በር ስትደርስ ጋሽ ገብረየሱስ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሩቅ «የወዳጄ ልጅ!» ብለው ይስሟት፣ የእናቷን ደኅንነት ሦስት ጊዜ ይጠይቋት ነበር። ዛሬ ቦርሳዋን አዩ።

«ምን አመጣሽ ሰብለ?»

«ዋይፋዩን እንዳይ ተጠርቼ ነው።»

«እሱን?» አሉና ወደ ኮሪደሩ ዞር ብለው ተመለሱ። «ዕቃ ነው እንግዲህ፤ ይደክማል። ብዙም አትመርምሪው ልጄ።»

ይህችን ቃል ሰብለወንጌል ሳትወድ ይዛት ገባች። ንጹሕ ሰው አትመርምሪው ይላል? እርምጃዋን አፈጠነች።

ዕቃው ክብ ነጭ ሆኖ የድስት ክዳን ያክላል። ኮሪደሩ መካከል ጣሪያው ላይ ተሰቅሏል፤ ሲሠራ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መብራት ይበራል። የኤሌክትሪክ ኃይሉም ኢንተርኔቱም የሚደርሱት በአንድ ገመድ ነው። ገመዱ በግድግዳው ጥግ ወርዶ ካርድ ክፍል ይገባና ከመደርደሪያ ጀርባ ካለ አዳፕተር ላይ ይሰካል። እንግዲህ በሽታው ወይ ከዕቃው፣ ወይ ከገመዱ፣ ወይ ከአዳፕተሩ ነው። አለዚያ ደመላሽ እንዳለው ከሰው እጅ ነው።

ካርድ ክፍል የምትሠራው እየሩስ የምትባል ቀጭን ወጣት ናት። ሰብለወንጌል ስትገባ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች፤ ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ገብረየሱስ ናቸው እየተባለ ነው አይደል?» አለች ቀስ ብላ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ እንጃ። ሰው አይታወቅም» አለችና ካርዶቿን መደርደር ጀመረች።

ሰብለወንጌል ሥራዋን ያዘች። መሰላል አስመጥታ ወጣችና የዕቃውን መያዣ ብሎኖች አየች፤ የተነካካ የለም። ሽፋኑ አልተሰነጠቀም፤ የዱላ ጭረት ስትፈልግ አቧራ ብቻ አገኘች። የገመዱን ሁለት ጫፎች ፈትሻ በገመድ መመርመሪያዋ ላይ ሰካቻቸው፤ ስምንቱም ትናንሽ መብራቶች በተራ በሩ። ቢሆንም አላመነችም፤ ገመድ ሲያዩት ደኅና መስሎ ሲነካ የሚታመም ጊዜ አለ። የራሷን አዲስ ገመድ በኮሪደሩ ዘርግታ ቀየረችው። ሰማያዊው መብራት በራ፤ ካርድ ክፍል ከላቦራቶሪ ተገናኘ።

ደመላሽ ከቢሮው ብቅ አለ። «ዛሬማ አንቺን ስላየ እጁን ሰብስቦ ነው» አለ። ኮሪደሩ ላይ ከሚጠብቁት በሽተኞች አንዳንዶቹ ወደ በሩ ዞረው ገብረየሱስን አዩ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ንፋሱ መለሱ።

«ጥቂት ልጠብቅ» አለች ሰብለወንጌል።

አራት ሰዓት ሞላ። ጋሽ ገብረየሱስ በሩን ለአንድ ገበሬ አደራ ብለው ሲሄዱ አየቻቸው፤ በሕንፃው ጀርባ ዞረው ጠፉ። ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ። ድንገት ሰማያዊው መብራት ብልጭ ብልጭ አለና ድርግም ብሎ ጠፋ። በዚያው ቅጽበት የኮሪደሩ የኋላ በር ተከፈተ፤ ጋሽ ገብረየሱስ እጃቸውን በባናቸው ጫፍ እየጠረጉ ገቡ። ቀና ብለው የጠፋውን ዕቃ አዩ፤ ከዚያም ሰብለወንጌልን አዩ። ወደ በራቸው አለፉ።

ሰብለወንጌል የጠፋውን መብራት ቀና ብላ አየች። «አየሽ?» አለ ከኋላዋ የቆመው ደመላሽ። «አይቻለሁ» አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በልቧ እሳቸውን ጠረጠረች፤ ለራሷ አልዋሸችም። ከጀርባ አንድ ነገር ነክተው ነው የመጡት አለች። ምን ነኩ? የሚለው ብቻ ቀረ።

ወደ ካርድ ክፍል ተመለሰችና የቴስተሯን ሁለት መርፌዎች ግድግዳው ሶኬት ውስጥ ሰካች። ጠዋት ስትለካ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነበር። አሁን ቁጥሩ መቶ ስድሳ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብላ አምፖሉን አየችው፤ ብርሃኑ እንደ ኩራዝ ቀልቷል። ፀሐይ በመስኮት ስለምትገባ ማንም ልብ አላለውም። ኮምፒውተሮቹ በራሳቸው ባትሪ ስለሚሠሩ አልጠፉም፤ የወደቀው ዋይፋዩ ብቻ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ኃይሉን እየጎተተው ነው ማለት ነው። ሰብለወንጌል በኋላ በር ወጣች። ጓሮ ካለችው ጠባብ ክፍል እንፋሎት ይወጣል። ፀጋ የምትባለው ነርስ ትልቅ የኤሌክትሪክ መቀቀያ አጠገብ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ማዋለጃ መሣሪያዎች የሚቀቀሉበት ነው።

«ይሄ መቼ ነው የመጣው?» አለቻት ሰብለወንጌል።

«በመስከረም መጨረሻ። ድሮ በጋዝ ነበር የምንቀቅለው።»

«በየቀኑ ትቀቅያለሽ?»

ፀጋ ሳቀች። «ውኃ ማን ያመጣልኛል? ቧንቧው እዚህ አይደርስም። ሌላው ዘበኛ ወንዳፈራሁ ተረኛ ሲሆን ‹ለዚህ አልተቀጠርኩም› ይላል። ጋሽ ገብረየሱስ ግን ሳልለምናቸው ጀሪካን ሙሉ ተሸክመው ይመጣሉ። የምቀቅለው እሳቸው ባሉበት ማክሰኞና ሐሙስ ነው። አሁንም ሞልተውልኝ መሄዳቸው ነው።»

ሰብለወንጌል በሩን ተደግፋ ቆመች። ቀኖቹ የሽማግሌው ቀኖች የሆኑት ውኃ ስለሚሸከሙ ነው። እፍረት ከአንገቷ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣባት፤ ቢሆንም ደስታዋ አልሞላም። መቶ ስድሳ ላይ የሚወድቅ አዳፕተር ደኅና አዳፕተር አይደለም። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገዛ አብሮት የሚመጣው አዳፕተር ኃይሉ ከዚያም በታች ቢወርድ መቻል አለበት። ይህኛው ለምን አልቻለም?

ተመልሳ መደርደሪያውን ሳበችና አዳፕተሩን ነቅላ አወጣችው። እጇ ላይ እንደ ላባ ቀለለ። የዕቃውን ካርቶን ጠየቀች፤ ደመላሽ ግምጃ ቤቱን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ባዶውን ካርቶን ሰጣት። ጎኑ ላይ የአዳፕተሩ አቅም አንድ አምፔር ይላል። ይህኛው ግማሽ አምፔር ነው። መቶ ስድሳ ላይ ግማሹንም የሚሰጥ አይመስልም።

«አብሮ የመጣው ይሄ አይደለም» አለችው።

«እንዴት አይደለም? ማንም አልነካውም። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ይህንን ሲል ፊቱን አጥብቃ አየችው። ደኅናውን ወስዶ ለቤቱ ያደረገው እሱ ቢሆንስ? ጥፋቱን ሽማግሌ ላይ ደፍድፎ ዘመዱን ሊያስቀጥር ቢሆንስ? ሐሳቧ በዚህ መንገድ ሲገሰግስ ጣቷ በአዳፕተሩ ሆድ ላይ አንድ ሻካራ ነገር ነካ። ገለበጠችው። ቀይ ነጠብጣብ ናት፤ የጥፍር ቀለም።

ሰብለወንጌል ክው አለች። ያቺን ነጠብጣብ የምታደርገው ራሷ ናት። ከሱቋ የሚወጣ ዕቃ ተበላሽቶ ሲመለስ የራሷ መሆኑን እንድታውቅበት የምታደርገው ምልክት ነው። ደካማውን አዳፕተር የሸጠችው እሷው ሆና ተገኘች። ለማን?

«ምነው?» አለ ደመላሽ።

«ቆይ፤ አንድ ነገር ላጣራ» አለችና አዳፕተሩን ጨብጣ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ እየሄደች አስታወሰች። ሐምሌ ነው፤ ዶፍ ዝናብ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ቀጭን ሴት ገብታ «ለቤቴ ነው፤ ርካሹን ስጪኝ» ብላ፣ ለምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ስትጠየቅ አላውቅም ብላ ነበር። ሰብለወንጌልም ሰው ስለበዛባት ሳታጠያይቅ ሰጥታት ነበር።

ካርድ ክፍል ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። አዳፕተሩን ቀይዋ ነጠብጣብ ወደ ላይ እንድትሆን አድርጋ ካርዶቹ ላይ አስቀመጠች።

«ይህን የሸጥኩልሽ እኔ ነኝ» አለች።

እየሩስ አልካደችም። ቁጭ አለች። ጠዋት ተቀመጪ ብትባል እምቢ ያለችው ሴት አሁን ማንም ሳይላት ተቀመጠች።

«መብረቅ ነው» አለች። «ክረምት ሲገባ ማታ ማታ አዳፕተሩን ነቅለሽ ሂጂ ተብዬ ነበር። አንድ ቀን ለቅሶ ተጠርቼ ስሮጥ ረሳሁት። ጠዋት ስገባ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ገና የሙከራ ጊዜዬ ነበር ሰብለ፤ ቢያውቁ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ከአንቺ ገዝቼ ተካሁት። ሠራልኝ፤ ተመስገን ብዬ ተውኩት።»

«እስከ መስከረም ድረስ። ከዚያስ?»

«ከዚያ መጥፋት ጀመረ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ የተካሁት ነገር እንደሆነ ግን ልቤ ያውቃል። ሲጠፋብኝ ጋሽ ገብረየሱስን እለምናቸዋለሁ። ገመዱ ላልቶ እንደሆነ ላዩን በዱላዎ ገፋ ያድርጉልኝ እላቸዋለሁ፤ እኔ አልደርስበትማ። አንድ ቀን ‹ምን ያስጨንቅሻል?› ብለው ሲጠይቁኝ አልቅሼ ነገርኳቸው። ለማንም እንዳይናገሩ በማርያም አስማልኳቸው።»

«ኃላፊው እሳቸውን ሲጠረጥር ታውቂ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«በዱላ ይንኩት ያላቸው ማን ነው ብሎ አልጠየቀሽም?»

«ጠይቆኛል» አለች እየሩስ፤ እንባዋ ካርዱ ላይ ወረደ። «ዝም አልኩት።»

ሰብለወንጌል ተቆጣች። ለመሳደብ አፏን ከፈተችና ከአንድ ሰዓት በፊት በራሷ ልብ የነበረው ጥርጣሬ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው። ከቦርሳዋ ያመጣችውን ጠንካራ አዳፕተር አውጥታ ሰካች። ሰማያዊው መብራት በራ። በጓሮ መቀቀያው ገና ይንተከተካል፤ አምፖሉ አሁንም እንደቀላ ነው፤ ዋይፋዩ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ደመላሽን ጠራችው።

«መብራቱን ይዩ። መቶ ስድሳ ነው፤ መቀቀያው እየጎተተው። ዕቃው ግን ይሠራል። ጋሽ ገብረየሱስም እዚያው በራቸው ላይ ናቸው። ዋይፋዩን ሲያጠፋ የኖረው የአዳፕተሩ ድክመትና የመቀቀያው ጉልበት ነው። ለመቀቀያው ከቆጣሪው ለብቻው መስመር ያስዘርጉለት።»

ደመላሽ ቴስተሩን አየ፤ መብራቱን አየ። «አዳፕተሩን ማን ቀየረው?» አለ።

«እኔ የተጠራሁት ዕቃ ልመረምር ነው።»

«ሰው ቀይሮታል ብለሻል። ቢሮዬ ግቢና ስሙን ጻፊልኝ።»

ተከትላው ገባች። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ደብዳቤ ተቀምጧል። የገብረየሱስ ሙሉ ስም አለበት፤ «ከሥራ ታግደዋል» ይላል፤ ቀኑ የዛሬ ነው። ማኅተሙ ሳይቀር አርፎበታል። ምርመራዋ ሳያልቅ የተጻፈ ደብዳቤ መሆኑን ስታይ ሰብለወንጌል እግሯን ተከለች።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። እየሩስ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን ተሰማ። «እኔ ነኝ የቀየርኩት» አለች፤ ከመብረቁ ጀምራ እስከ ዱላው ድረስ ያለውን ሁሉ ቆማ ተናገረች። በማርያም ያስማለቻቸውንም አልዘለለችም።

ደመላሽ እስክትጨርስ አዳመጣት። ከዚያ ደብዳቤውን አንሥቶ መሳቢያውን ከፈተ።

«እዚያ አያስቀምጡት» አለች ሰብለወንጌል።

«ምን አገባሽ?»

«አገባኝ። የባለሙያ ቃል ፈልገው ነው የጠሩኝ። ቃሌ ይሄ ነው፤ ሰውየው ዕቃውን አላበላሹም። ይህ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ካደረ ሌላ ማክሰኞ ይወጣል። ይቅደዱት።»

«በኋላ…»

«ካልቀደዱት ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

ተያዩ። ውጭ በሽተኞች ስማቸው ሲጠራ ይሰማል። ደመላሽ ደብዳቤውን ሁለት ቦታ ቀደደ፤ ከዚያም መልሶ ቀደደው። ይቅርታ የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ገብረየሱስ ተረኝነታቸውን አስረክበው ሲወጡ ሰብለወንጌል መንገድ ላይ ጠበቀቻቸው። ጎን ለጎን ሄዱ። ንፋሱ በርዶ፣ ፀሐይዋ ወደ ገደሉ እያዘነበለች ነበር።

«ሰማሁ» አሉ። «ልጅቱ ራሷ መጥታ ነገረችኝ።»

«ለምን አልተናገሩም ጋሼ? እንጀራዎን ሊያጡ ነበር እኮ።»

«በእመቤቴ ምዬ? እንጀራ ከየትም ይመጣል ልጄ፤ መሐላ ከተበላ ግን ምን ይተካዋል?» አሉና ጥቂት ሄደው ቆሙ። «አንቺስ? ጠርጥረሽኝ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አዎ» አለች። «አንድ ሰዓት ያህል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተቆጡም፤ አልሳቁምም። «አንድ ሰዓት ብዙ ነው» አሉ። «አባትሽ ቢሆን ለአፍታም አይጠረጥረኝ ነበር። ግን እሱ የዋህ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ያታልለው ነበር። አንቺ ጠርጥረሽም እውነቱን ፈልገሽ አገኘሽው። የቱ እንደሚሻል እንጃልኝ።» ከዚያም የእናቷን ደኅንነት ጠየቁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ለመቀቀያው ከቆጣሪው አዲስ መስመር የተዘረጋለት በኅዳር አጋማሽ ነው። ዋይፋዩ ከዚያ ወዲህ ማክሰኞም ሐሙስም አልጠፋም። እየሩስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ሥራዋ ላይ ቆየች። ጋሽ ገብረየሱስም በራቸው ላይ ናቸው፤ ጀሪካን ግን ዳግመኛ አላነሡም። ፀጋ ብትለምናቸው «እኔ የተቀጠርኩት ለበር ነው» አሏት፤ የወንዳፈራሁን ቃል ከእሳቸው አፍ ስትሰማ ደነገጠች። አንድ ሐሙስ ደመላሽ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ውኃ ተሸክሞ ሲሄድ ታየ አሉ።

እየሩስ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ሰብለወንጌል ከሴቶቹ በኩል ቆማ ታያቸው ነበር። ሽማግሌው ክንዷን ይዘው አነሡአት።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። «እኔስ ፈትቼሻለሁ። አሁን ግን ከእኔ ጋር አትሂጂ፤ ቀድመሽ ሂጂ። ልቤ እስኪከተል ጥቂት ጊዜ ስጪኝ።»

እየሩስ ነጠላዋን አስተካክላ ብቻዋን ቁልቁል ወረደች። ጋሽ ገብረየሱስ የቅጥሩን ድንጋይ ተደግፈው፣ ከዓይናቸው እስክትሰወር ቆሙ።